የጎደለው ሹፌር አይደለም

አሜሪካ የገባ ወይም እዚያው ያደገ ሐበሻ ወጣት ኮሌጁ አልሆነለት ሲል፣ ወይም የመጋዘን ሥራው ሲሰለቸው፣ ከቤተሰብም ከወዳጅም የሚሰማው ምክር ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ «ሲዲኤልህን አውጣና ትራክ ንዳ»። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በዴንቨርና በኦሮራ፣ በሲያትል፣ በሚኒያፖሊስ፣ በዳላስ፣ ሐበሻ ተሰብስቦ ቡና በሚጠጣበት ቦታ ሁሉ ይኸው ይባላል። ከምክሩ ጀርባ አንድ እምነት አለ፦ በአገሩ የከባድ መኪና ሹፌር ጠፍቷል፣ ስለዚህ ሲዲኤል የሚባለውን የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ የያዘን ሰው ሥራው ራሱ ይፈልገዋል የሚል። እምነቱ ከእኛ ሰፈር የመነጨ አይደለም። ቴሌቪዥኑም፣ ፖለቲከኛውም፣ የጭነት ኩባንያዎች ማህበሩም ለዓመታት ሲደጋግሙት የኖሩት ነው፤ እኛም ሳንጠይቅ ተቀብለን ለልጆቻችን አወረስነው። የምሟገተው ከዚህ እምነት ጋር ነው። በአሜሪካ የጠፋው ሹፌር ሳይሆን ሹፌርን የሚያቆይ ሥራ ነው እላለሁ። የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ሰው ካለ፣ በ20 ወይም በ22 ዓመቱ መሪ ሊጨብጥ የሚነሳውን ወጣት ያስብ፤ ለእሱ ልዩነቱ ሥራን በደሞዝ ወይም በዕዳ የመጀመር ጉዳይ ነው።

ከቁጥሩ እንነሳ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በ2005 የአሜሪካ የጭነት ኩባንያዎች ማህበር ያስጠናው ጥናት 20 ሺህ ሹፌር ጎድሏል፣ በ2014 ጉድለቱ 111 ሺህ ይደርሳል አለ። 2014 መጣ፣ አለፈም፤ የሱቅ መደርደሪያ አልተራቆተም፣ ማደያ አልደረቀም። በ2021 ያው ማህበር ጉድለቱን 80 ሺህ አድርሶ፣ በ2030 ደግሞ 160 ሺህ ይሆናል ሲል ተነበየ። ቲማቲም ከገበያ ሲጠፋ ዋጋው ይወጣል፣ ዋጋው ሲወጣ ገበሬው ይተክላል፣ በጥቂት ወራት ገበያው ይሞላል። እጥረቱ ሃያ ዓመት ከዘለቀ ግን ጥርጣሬው መዞር ያለበት ወደ ገዥው ኪስ ነው። ስቲቨን በርክስና ክሪስተን ሞናኮ የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ባለሙያዎች በ2019 በአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ መጽሔት ላይ ይህንኑ መርምረው፣ የሹፌር ገበያ እንደማንኛውም የጉልበት ሥራ ገበያ እንደሚሠራ፣ ደሞዝ ሲጨመር ሰው ከሌላ ሥራ እየተነሳ እንደሚመጣ ጻፉ። የባለንብረት ሹፌሮች ማህበር የሆነው ኦኦአይዲኤ በበኩሉ፣ ግዛቶች በየዓመቱ ከ450 ሺህ በላይ አዲስ ሲዲኤል እንደሚሰጡ እየጠቀሰ ይከራከራል። ጎደለ ከተባለው 80 ሺህ ጋር ሲነጻጸር በየዓመቱ የሚገባው ሰው ጉድጓዱን አምስት ጊዜ ደጋግሞ ሊደፍነው ይችል ነበር ማለት ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው የት ይገባል?

ይወጣል። ረጅም መንገድ የሚሠሩ ትልልቅ ኩባንያዎች ዓመታዊ የሹፌር ፍልሰት፣ በራሱ በጭነት ኩባንያዎች ማህበር አቆጣጠር፣ በብዙ ዓመታት ከ90 በመቶ በላይ ሆኖ ተመዝግቧል። መቶ ወንበር ያለው ኩባንያ በዓመት ዘጠና ሰው ይሸኛል፣ ዘጠና ሰው ይቀጥራል እንደማለት ነው። በወንፊት ውኃ እየቀዱ ምንጩ ደረቀ ማለት ከዚህ ወዲያ የለም። ነገሩ የጀመረው ደግሞ ዛሬ አይደለም። በ1938 የወጣው የአሜሪካ የሥራ ሕግ የትርፍ ሰዓት ክፍያን ሲደነግግ የረጅም መንገድ ሹፌሮችን ከመብቱ ውጭ አደረጋቸው። በ1980 ፕሬዝዳንት ካርተር የፈረሙት ሕግ የጭነት ዋጋን ለውድድር ሲከፍት፣ ውድድሩ ከሸማቹ ይልቅ መጀመሪያ የደረሰው ከሹፌሩ ደሞዝ ላይ ነበር። ማይክል ቤልዘር፣ ራሱ የቀድሞ ሹፌር የሆነው ምሁር፣ ከሃያ ዓመት በኋላ መጽሐፍ ሲጽፍ መኪናዎቹን ጎማ ያላቸው የላብ ፋብሪካዎች አላቸው። በ2016 «ዘ ቢግ ሪግ»ን ያሳተመው ስቲቭ ቪሴሊም ለጥናቱ ሲል መሪ ጨብጦ የሠራ ሰው ነው፤ ያገኘውም ኢንዱስትሪው ልምድ የሌለውን ሰው በርካሽ እያስገባ፣ ሲነቃ እያስወጣ፣ በሌላ እየተካ መኖርን መተዳደሪያ እንዳደረገው ነው። አዲስ ሰው ሁሌም እንዲመጣ ታዲያ አንድ ወሬ መሞት የለበትም፤ «ሹፌር ጠፋ» የሚለው።

ሰው ለምን እንደሚወጣ ለመረዳት የአንድ ቀን ሥራን ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። ሕጉ በቀን ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት ይከለክላል፤ ሥራ ከተጀመረ ከ14 ሰዓት በኋላም መሪ መጨበጥ አይቻልም። ሰዓቱን የሚቆጥረው ከሞተሩ ጋር የተያያዘ መሣሪያ ስለሆነ ማታለል ቀላል አይደለም። እንበልና ልጁ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነሳ፣ ሁለት ሰዓት ነድቶ መጋዘን ደረሰ። የበር ቁጥር ተሰጠው፣ ትሬለሩን ወደ ኋላ አስገብቶ ቆመ። ቀዩ መብራት በርቷል፤ አረንጓዴ እስኪሆን መንቀሳቀስ አይቻልም። አራት ሰዓት አለፈ፣ ስድስት ሰዓት አለፈ፤ ውስጥ ያሉት ምሳ ወጡ። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ግን የ14 ሰዓቱ በር ይዘጋል። ያለ እረፍት ቢነዳ እንኳ የቀረው ሰባት ሰዓት ነው፤ ከጠዋቱ ሁለት ጋር ዘጠኝ። በሰዓት በአማካይ 50 ማይል ቢል 450 ማይል ይሆናል፤ ለጀማሪ በማይል 50 ሳንቲም ቢከፈለው 225 ዶላር። ለ14 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 16 ዶላር ነው፤ ያውም አዳሩ ከመሪው ጀርባ ባለች አልጋ ላይ፣ ሽንት ቤቱ በትራክ ስቶፕ ሆኖ። ዴንቨር ውስጥ ሀምበርገር የሚጠብስ እኩያው ከዚህ በላይ ይከፈለዋል፤ ማታ ደግሞ ቤቱ ያድራል።

ይህ የእኔ ስሌት ነው፤ ነገሩ ግን በጥናትም የታወቀ ነው። የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ዋና መርማሪ በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ በመጋዘን በር ላይ የሚባክነው ጊዜ ሹፌሮችን በዓመት ከ1.1 እስከ 1.3 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያሳጣቸው ገምቷል፤ የቆይታው ጊዜ በአማካይ በ15 ደቂቃ ሲጨምር የአደጋው መጠን በ6.2 በመቶ እንደሚያድግም ጨምሯል። በኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የሚያጠናው ዴቪድ ኮረል በ2021 ለኮንግረስ የሰጠው ምስክርነት ደግሞ የክርክሩን ወገብ የሚሰብር ይመስለኛል። የረጅም መንገድ ሹፌር ከተፈቀደለት 11 ሰዓት ውስጥ በአማካይ የሚነዳው 6.5 ሰዓት ብቻ ነው፤ በዚህ ላይ 18 ደቂቃ ብቻ ቢጨመር ያ እጥረት የተባለው ሁሉ ይደፈናል አለ። 18 ደቂቃ! አንድም አዲስ ወጣት ሳይመለመል። ኩባንያዎች ለምን ይህን አያስተካክሉም ለሚል መልሱ ቀላል ነው። በማይል የሚከፈለው ሰው ቆሞ መጠበቁ ለባለመጋዘኑም ለአሠሪውም ነጻ ነው። ነጻ የሆነን ነገር የሚቆጥብ የለም።

አሁን ወደ ወጣቱ እንምጣ። እጥረት ካለ በሩ ለእሱ ወለል ብሎ ይከፈት ነበር። የሚያገኘው ግን ሌላ ነው። ከ21 ዓመት በታች ያለ ሰው ሲዲኤል ቢኖረውም ከግዛት ግዛት መሻገር አይችልም። ቴክሳስን እንውሰድ፤ የ19 ዓመት ልጅ ከኤል ፓሶ ተነስቶ 800 ማይል ያህል ነድቶ ቴክሳርካና መግባት ይችላል። ቴክሳርካና ከተማዋ ለሁለት የተከፈለች ናት፤ ስቴት ላይን በሚባለው ጎዳና በአንዱ ወገን ቴክሳስ፣ በሌላው ወገን አርካንሳስ ነው። 800 ማይል የታመነው ልጅ ያን አስፋልት ሲሻገር ሕገወጥ ይሆናል። በ2021 የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ ለዚህ መላ ይሆናል ተብሎ ከ18 እስከ 20 ዓመት ያሉ 3,000 ተለማማጆች በአንድ ጊዜ የሚሳተፉበት የሦስት ዓመት ሙከራ ፈቀደ፤ ልምድ ያለው ሹፌር አጠገባቸው ተቀምጦ 400 ሰዓት ያለማምዳቸው ነበር። ኩባንያዎቹ ይሻሙበታል ተብሎ የተጠበቀው ይህ በር የሞላው ጥቂቱን ቦታ ብቻ ነው። ሹፌር ተርቤያለሁ የሚል ኢንዱስትሪ ማዕድ ተዘርግቶለት አልቀመሰም።

21 ዓመት የሞላውስ? እሱን የሚያቆመው ኢንሹራንስ ነው። ሐበሻ ወጣት ሥራ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚሄደው ሦስት አራት ትራክ ወዳለው ወደ አገሩ ልጅ ነው፤ ሰውየውም ሊቀጥረው ይወድ ይሆናል፣ ኢንሹራንሱ ግን «የሁለት ዓመት ልምድ አለው ወይ?» ይላል። የለውም፤ አልቀጠሩትማ። እንዲህ ሆኖ ትልቁ ኩባንያ፣ ራሱን በራሱ ኢንሹር ማድረግ የሚችለው፣ ብቸኛው በር ይሆናል፤ ብቸኛ በር ያለው ደግሞ የሚያስከፍለውን ያውቃል። ትምህርቱን በነጻ እሰጥሃለሁ ይላል፣ በምትኩ አንድ ዓመት ያህል ልትሠራልኝ፣ ከወጣህ ግን ሺዎች ዶላር ልትከፍለኝ ፈርም። በ2019 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ የሰጠበት አንድ ጉዳይ መነሻው ይኸው ነበር። ከሳሹ ሹፌር በተለማማጅነት 10,000 ማይል ያለ ክፍያ፣ ቀጥሎ 30,000 ማይል በሰዓት 4 ዶላር ገደማ እየተከፈለው እንደነዳ፣ ከዚያም የኩባንያውን ትራክ በሊዝ ይዞ «ኮንትራክተር» እንደተደረገ አመለከተ። ፍርድ ቤቱ የወሰነው በጠባብ የሕግ ነጥብ ላይ ነው፤ ኮንትራክተር የተባለ ሹፌርም ቢሆን በፌዴራሉ የግልግል ሕግ ወደ ግልግል ዳኝነት በግድ አይላክም አለ። ለእኔ የሚበልጠው ግን ኩባንያው «የጠፋውን» ሹፌር ሲያገኘው እንዴት እንደያዘው የሚናገረው ክስ ነው። ውድ ነገር እንዲህ አይያዝም።

ሊነሳ የሚችለው የመጀመሪያው ተቃውሞ በዓይን የሚታይ ማስረጃ ይዞ ይመጣል፦ ስንት የአገራችን ልጅ በትራክ ቤት ገዛ፣ ቤተሰብ አስመጣ፣ አገር ቤት ፎቅ ሠራ? እውነት ነው፣ አልክድም። የሚታየው ግን የተሳካለት ብቻ ነው። በስምንተኛው ወር ቁልፉን አስረክቦ ወደ ኡበር የተመለሰው ታሪኩን ቡና ላይ አያወራም። ጊዜውም መታየት አለበት። በ2020 እና በ2021 የጭነት ዋጋ ሰማይ ወጥቶ ነበር፤ ብዙዎች በውድ ዋጋ ትራክ የገዙት ያኔ ነው። ከ2022 ጀምሮ ዋጋው ሲወርድ የትራኩ ወርሃዊ ክፍያ አብሮ አልወረደም። በ2023 የሎ የተባለው የመቶ ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው ኩባንያ ሲዘጋ 30 ሺህ ያህል ሰው ሥራ ፈታ፤ ብዙዎቹ ልምድ ያላቸው ሹፌሮች ነበሩ። በዚያ ሰሞን ከእነሱ ጋር ተሰልፎ ሥራ የጠየቀ የ22 ዓመት ጀማሪ «እጥረቱ» የት እንዳለ ቢጠይቅ ማን ይመልስለታል? የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እንደሚለው በ2024 የግማሹ የከባድ መኪና ሹፌር ዓመታዊ ገቢ ከ57,440 ዶላር በታች ነበር። ክፉ ገንዘብ አይደለም፤ ከቡናው ወሬ ጋር ግን አይገናኝም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከነባር ሹፌሮች ይመጣል፦ ሁሉም ሙያ ጀማሪውን ያስለቅሳል፣ እኛም አልቅሰን ነው፤ 80,000 ፓውንድ የሚመዝን መኪና ለሕፃን አይሰጥም። የመጨረሻውን ሐረግ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ወጣት ሹፌር አደጋ እንደሚያበዛ የታወቀ ነው፤ የ21 ዓመቱን ገደብ በደፈናው እናንሳ የሚሉትንም አልደግፍም። ግን መጀመሪያው ዓመት ትምህርት ከሆነ እንደ ትምህርት ይሁን። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተለማማጅ በሰዓት እየተከፈለው፣ እርከኑ በየዓመቱ እያደገ ይማራል። ለሲዲኤል ግን ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ የሚሠራው የፌዴራል ሥልጠና ደንብ መሪ ላይ ስንት ሰዓት መቆየት እንዳለበት ዝቅተኛ ገደብ እንኳ አላስቀመጠም፤ አሠልጣኙ «ችሏል» ካለ ችሏል ነው። ስለ ደኅንነት የሚሟገት ሰው ክርክሩን እዚህ ላይ ቢያውለው በወደድኩ።

ሦስተኛውን ተቃውሞ ከሁሉም በላይ አከብረዋለሁ፤ «ታዲያ ልጁ ምን ይሥራ? ተስፋውን ለምን ታጨልማለህ?» ይላል። አትንዱ አላልኩም። በእጥረቱ ያመነ ወጣት የመጀመሪያውን በር ያንኳኳል፣ የከፈተለትንም ያመሰግናል፤ ያላመነ ግን በሮችን ያወዳድራል። ሌሎች በሮች ደግሞ አሉ። ዩፒኤስ ውስጥ በሌሊት ከከተማ ከተማ ትሬለር የሚጎትቱት ሹፌሮች የሠራተኛ ማህበር አባላት ናቸው፤ ከመደበኛው ሰዓት በላይ ለሠሩት ይከፈላቸዋል፣ ብዙዎቹም ቤታቸው ያድራሉ። እዚያ ስለ እጥረት የሚያወራ የለም፤ ወረፋ ነው። ሰው ሳጥን ከመጫን ጀምሮ መሪው እስኪደርሰው ዓመታት ይጠብቃል። የጠፋ ነው የተባለው ሹፌር ደሞዙና አልጋው ሲስተካከል ወረፋ ይዞ መገኘቱ ከየትኛውም ጥናት የበለጠ ይናገራል። ለ19 ዓመቱ ደግሞ በግዛቱ ውስጥ የሚሠራ የሲሚንቶ ቅልቅል መኪና፣ የቆሻሻ መኪና፣ የማዘጋጃ ቤት መንገድ ጠራጊ መኪና አለ፤ ስሙ አያምርም፣ በሰዓት ይከፍላል፣ ልምዱም ልምድ ነው። ለትምህርቱ ከኪስ ብዙ ሺህ ዶላር ከማውጣት ወይም ከኩባንያ ጋር ዓመት ከመታሰር በፊት፣ በየአካባቢው ያለው የመንግሥት የሥራ ማዕከል መስፈርቱን ለሚያሟላ ሰው የሲዲኤል ትምህርትን ሊሸፍን እንደሚችል ማወቅ ይገባል። ይህን መንገድ ሊጠቀም የሚችል ስንት ልጃችን ሳያውቀው ውል ይፈርማል!

2025 ደግሞ ለአዲስ መጤው ወጣት ሌላ ትምህርት ይዞ መጣ። በኤፕሪል የወጣው የፕሬዝዳንቱ ትእዛዝ፣ እንግሊዝኛ ሳይችል የተገኘ ሹፌር ከጁን 25 ጀምሮ መንገድ ላይ እንዲታገድ አደረገ። በሴፕቴምበር ደግሞ ግሪን ካርድ ሳይሆን የሥራ ፈቃድ ብቻ ይዘው ሲዲኤል ያወጡትን፣ ጥገኝነት ጠያቂዎችን ጨምሮ፣ ከሥራው ሊያስወጣ የሚችል ደንብ ወጣ፤ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ራሱ እንደሚለው እንዲህ ያለ ፈቃድ የያዘው ሰው 200 ሺህ ያህል ነው፣ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደርሷል። ደንቡ ትክክል ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ግን 80 ሺህ ሰው ጎደለኝ ብሎ ሲጮህ የኖረ አገር 200 ሺህ ሰው ለመሸኘት መነሳቱን አይቶ፣ «ሹፌር ስለጠፋ አይነኩህም» እያለ ልጅን ወደ ዕዳ የሚመራ መካሪ ቆም ማለት አለበት።

ሁለት ሦስት ትራክ ያላችሁ ያገር ልጆች፣ የጀማሪ ኢንሹራንስ ውድ መሆኑ ይታወቃል። ሆኖም በዓመት አንድ ልጅ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ፣ በሰዓት እየከፈላችሁ፣ ልምዱን በወረቀት ብትመሰክሩለት ያ ልጅ በማያውቀው ኩባንያ ውል ከመታሰር ይድናል። አንተም ልጄ፣ መልማዩ ብዕሩን ሲያቀብልህ ከመፈረምህ በፊት አንድ ነገር ጠይቀው፦ ባለፈው ዓመት በዚህ ወር ከቀጠራችኋቸው ውስጥ ዛሬ ስንቱ አለ?